የሽንት ስኳር ምርመራ በቤኔዲክት ፈሳሽ፦ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

የቤኔዲክት ምርመራ በሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያመለክት የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ስታንሊ ቤኔዲክት እ.ኤ.አ. በ1908 ያዘጋጀው ሲሆን፣ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕና የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ እስኪስፋፉ ድረስ ለስኳር ሕሙማን ክትትል በሰፊው አገልግሏል። ዛሬም በትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ ይሠራበታል።

አሠራሩ

ፈሳሹ ከመዳብ ሰልፌት፣ ከሶዲየም ሲትሬትና ከሶዲየም ካርቦኔት ይዘጋጃል። ሶዲየም ካርቦኔት ፈሳሹን አልካላይን ያደርገዋል፤ ሲትሬቱ ደግሞ መዳቡ አስቀድሞ እንዳይዘቅጥ ይይዘዋል። ግሉኮስ ያለበት ሽንት ተጨምሮ ሲሞቅ ግሉኮሱ ለመዳቡ ኤሌክትሮን ይሰጣል። በዚህም ሰማያዊው የመዳብ አዮን ወደ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ተለውጦ ይዘቅጣል። በተለመደው አሠራር 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከ8 ጠብታ ሽንት ጋር ተቀላቅሎ በፈላ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ይቆያል።

የቀለሞቹ ትርጉም

• ሰማያዊ፦ ስኳር አልታየም
• አረንጓዴ፦ ጥቂት ስኳር
• ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፦ መካከለኛ መጠን
• የጡብ ቀይ፦ ከፍተኛ መጠን

ውጤቱ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

• ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚያሳልፈው በአብዛኛው የደም ስኳር መጠን ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሽንት ሰማያዊ ሆኖ ሊታይ ይችላል።
• በብዛት የተወሰደ ቫይታሚን ሲ፣ እንዲሁም በነፍሰ ጡርና በሚያጠቡ እናቶች ሽንት የሚገኝ የወተት ስኳር ቀለሙን ሊለውጡ ይችላሉ።
• ምርመራው የደም ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱን አያሳይም።

በመሆኑም ሕመሙ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይወሰድ በተሰጠ የደም ናሙና 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ምልክት የሌለው ሰው ምርመራው ሊደገምለት ይገባል።

ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃታማ ከተማ የውኃ ጥም በሙቀት ብቻ የመጣ መስሎ ሊታለፍ ይችላል። ልዩነቱን ለማስተዋል የሽንቱን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። በሙቀት ፈሳሽ ያነሰው ሰው ሽንቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። በስኳር ሕመም የሚጠማ ሰው ግን ሽንቱ ይበዛል፤ ሌሊትም ደጋግሞ ከእንቅልፉ ያስነሣዋል። ከዚህ ጋር የክብደት መቀነስ፣ ድካም ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ጥሙን በለስላሳ መጠጥ ማስታገስ የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል።

ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም የአእምሮ መደነጋገር የታየበት ታካሚ የሽንት ውጤት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊወሰድ ይገባል።

ማሳሰቢያ፦ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሽንት ቀለም ተመርተው መድኃኒታቸውን ማቋረጥም ሆነ መጠኑን መለወጥ የለባቸውም።