ከላይ የተሰጠ ክበብ፣ ከታች የበቀለ ማኅበር

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ፈረሱ ነው። ጌጡ፣ ግልቢያው፣ የሜዳው ጩኸት። ቆየት ብሎ ግን ከፈረሱ ጀርባ ያለው ማኅበር ይታየዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ልብ ላለው አንባቢ ይህ ዓመት ጣሊያን ገና ከአገር ያልወጣበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ተመልሰው ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ኢሕአዴግም እንዲሁ። ማኅበሩ ግን አለ። በአድዋ የዘመቱ ፈረሶችን ውለታ ለማሰብ የቆመ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀኑ የጊዮርጊስ መሆኑን የሚያነሡም አሉ። የሆነው ሆኖ አባሉ ፈረሱን የሚቀልበው ከራሱ ጎተራ ነው። የገብሱን ሒሳብ የሚያወራርድለት ቢሮ የለም።

በዚያችው ከተማ ማስተማር ከጀመረ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ። በአገሪቱ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ የትኛውም ቢገባ የክበባቱ ስም ተመሳሳይ ነው፤ የሥነ ጾታ ክበብ፣ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ በጎ አድራጎት። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ብዙዎቹ ግን አስተባባሪው መምህር ሲዛወር ወይም በጀቱ ሲያልቅ ማኅተማቸው ብቻ ይቀራል። ገበሬ ያለ በጀት 80 ዓመት ያቆየውን ነገር የተማረው ወጣት በበጀት ሁለት ዓመት ማቆየት ለምን አቃተው? መልሱ ያለው በአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ኃላፊው ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ተማሪው አዳሪ ነው። ሕይወቱ በደወልና በተቆጣጣሪ የተከበበ ነው። ቢሆንም በዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ ክርክር ነበር፣ ስፖርት ነበር፣ "ኒውስ ኤንድ ቪውስ" የተባለ የተማሪዎች ጋዜጣም ወጣ። ዛሬ ብዙ የማይወራለት፣ ነገር ግን ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘ አንድ ማኅበርም ነበር፤ የኤትኖሎጂ ማኅበር።

የዚህ ማኅበር ሥራ ቀላል ይመስላል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን ወግ ይጽፋሉ። ሽምግልና እንዴት ይላካል? ለቅሶ እንዴት ይወጣል? ቤት ሲሠራ ማን ምን ይዞ ይመጣል? ጽሑፋቸው በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። አማካሪያቸው የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ዕቃም ይሰበሰብ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ሰው ሆኑ። ዛሬ በስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለው ሙዚየም ከሥር መሠረቱ የተማሪ ክበብ እጅ አለበት ማለት ማጋነን አይደለም። አያቱን ጠይቆ የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ያዋጣው ሥራ ነው።

ሌላው ክበብ የሄደበት መንገድ በሰፊው ይታወቃል፤ የት እንደ ተጀመረ ግን ይረሳል። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ ቃል ገቡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች አዲስ አበባ ሲደርሱ አንድ ነገር አስገረማቸው። ቅኝ በተያዘው አገራቸው ተማሪ ራሱን ችሎ ይደራጃል፤ ቅኝ ባልተገዛችው አገር ግን ተማሪው ስብሰባ ለመጥራት የአባቶችን ፈቃድ ይጠብቃል። ኢትዮጵያውያኑ ይህን ከእንግዶቻቸው አፍ መስማታቸው ሳያሳፍራቸው አልቀረም።

ከዚያ ግጥሙ መጣ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም የመገኘት ልማድ ነበራቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪዎቹ ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ፤ ሙከራው ከሸፈ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ "ደሃው ይናገራል" የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። ርእሱ ብቻውን ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ቁጣው ገንፍሎ ግጥም ያነበቡ ተማሪዎች ታገዱ፣ የነፃ አዳሪነቱም ሥርዓት ተሻረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኢብሳ ጉተማ "ኢትዮጵያዊ ማነው?" ብሎ ጠየቀ። ለአሥርት ዓመታት አገር ያመሰው ጥያቄ በአደባባይ ከተሰማባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የተማሪዎች የግጥም መድረክ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። የፓርላማው አዳራሽ እያለ ጥያቄው እዚያ ለምን ተነሣ ቢባል፣ መልሱ ፓርላማው ራሱ ነው።

በታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ንጉሡ መፈንቅለ መንግሥቱ ደም ያፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ግቢ ተማሪ የሚከራከርበት ሆነ። በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በምህንድስናው፣ በሕንፃ ኮሌጁ፣ በዓለማያና በጎንደር የየራሳቸው የተማሪ ማኅበራት ነበሩ። ይህ መበታተን በጊዜው እንደ ድክመት ይታይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የካቲት "መሬት ለአራሹ" ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት፣ በስተጀርባ "አዞዎቹ" የሚባለው ትንሽ ምሥጢራዊ ቡድን የነበራቸው ተማሪዎች አንድ ጠንካራ ድርጅት ይፈልጉ ነበር። በ1959 ዓ.ም. አገኙት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድነት። ልሳኑም "ታገል" ነበር።

እዚህ ላይ የተለመደው ትረካ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ቆም ብሎ ማየት ግን ያስፈልጋል። አንድነቱ በነበረበት ጊዜ ምርጫው የምር ምርጫ ነበር። ጥላሁን ግዛው በመጀመሪያ ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸንፏል። ቤቱ አልገባም፣ ጎራም አልለየም፤ በ1962 ዓ.ም. እንደገና ተወዳድሮ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በ"ታገል" ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ጥላሁን በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በነበሩ ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ።

መንግሥት መድረኩን በጥይት መዝጋቱ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ተማሪዎቹም ራሳቸው በሩን እያጠበቡት ነበር። ስፖርቱ፣ ቀልዱ፣ ወግ መጻፉ፣ የየኮሌጁ ማኅበር ሁሉ ከትግሉ አንጻር ሲመዘን ትንሽ ሆነ። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ስም ይለጠፍበት ጀመር። ብዙ የነበረው አንድ ሆነ፤ አንዱም አንድ ዓይነት ቋንቋ ብቻ መናገር ጀመረ። በአንድ አዳራሽ ሲከራከሩ ያደጉ ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው በአዲስ አበባ ጎዳና ተገዳደሉ። ጥፋቱን ሁሉ ለደርግ ሰጥቶ መገላገል ይቀላል፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይከብዳል።

ደርግ በበኩሉ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በኋላ ለወጣቱ አንድ ማኅበር ሰጠው፤ አኢወማ። ስሙ ማኅበር ነው፤ መግባት እንጂ መምረጥ የለበትም። ብዙ ክበብ፣ ከዚያ አንድ ክበብ፣ ከዚያ ከላይ የወረደ ክበብ፤ ቁልቁለቱ ይህን ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንም ያላቀደው ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ሲል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ላካቸው። እዚያ ማታ ማታ ተሰብስበው ይጸልዩ ከነበሩት መካከል የተነሣው ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሆኖ ቆመ፤ ዛሬ የግቢ ጉባኤያቱ በየዩኒቨርሲቲው አሉ። የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረትና የሙስሊም ተማሪዎች ጀማዓም እንዲሁ በየግቢው ሥር ሰድደዋል። የአገር ልጅ መሰባሰቡም አለ። እነዚህ ለምን በረቱ? እንደ ፈረሰኞቹ ስለሆኑ ነው። አባሉ ራሱ ያዋጣል፣ ራሱ ይመርጣል፣ የታመመውን ራሱ ይጠይቃል። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ በእምነት ወይም በትውልድ ከማይመስለው ልጅ ጋር ሰውን አያስቀምጡም። ያ ሥራቸው ስላልሆነ ሊወቀሱበትም አይገባም። ያን ሥራ መሥራት የነበረበት የተማሪ ማኅበር ግን አልነበረም።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት የወጡት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ጋዜጣችን ይፈቀድልን፣ ማኅበራችን በነፃነት ይሥራ፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ። ጥያቄው መንግሥት ይውረድ አልነበረም። ሁከቱ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ክበባቱ በዙ፣ ማኅበር የሚባለው ግን ከአስተዳደሩ ጥላ ብዙም አልወጣም። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉና ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየመጡበት ሲመለሱ፣ በየግቢው የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ከሁለቱም ወገን አባል ያለው፣ ሌሊት ተነሥቶ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሊቆም የሚችል የክርክር ወይም የግጥም ክበብ ግን በብዙዎቹ ውስጥ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ሞቱን ያስቀር ነበር ብሎ መማል አይቻልም። በስም የሚተዋወቁ ሰዎች ግን ይኖሩ ነበር።

ወደ እንጅባራ እንመለስ። የአዊ ቋንቋ፣ አውንጊ፣ በጽሑፍ የተጠናው መጀመሪያ በውጭ ሰዎች ነው። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ የዳንግላን አውንጊ የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1905 አሳተመ፤ ሮበርት ሄትዝሮን ደግሞ በ1969 የግሱን ሥርዓት የሚተነትን መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ቋንቋው በዞኑ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ በመሆኑ መሰብሰብ ራሱ ከብዷል፤ የተማሪው ዓመት ይቆራረጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ሆኖም የኤትኖሎጂ ማኅበሩ ልጆች የጠየቁትን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ በጀት አያስፈልግም። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሊቀመንበሩን እንዴት ይመርጣል? ሁለት አባላት ሲጣሉ ማን ይዳኛል? ፈረሱ የሞተበት ሰው አባልነቱ ምን ይሆናል? በ1932 ዓ.ም. የነበሩትን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። ከደቡብ ወይም ከሱማሌ ክልል መጥቶ እንጅባራ የሚማር ልጅና የባንጃ ገበሬ ልጅ አንድ ደብተር ይዘው አብረው ሊጠይቋቸው የሚችሉት ጥቂት ጥር ብቻ ነው የቀረው።