የወንዝ ዳርቻ ልማት በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ፈልቀው ከተማዋን በማቋረጥ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃለው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው።

ለጎብኚ በቀዳሚነት የሚታየው መናፈሻውና የእግረኛ መንገዱ ቢሆንም፣ የልማቱ ዘላቂነት የሚወሰነው ከመሬት በታች በሚዘረጋው የፍሳሽ መስመር ነው። በዳርቻው ተጠጋግተው ከተሠሩ ቤቶች የሚወጣ የመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይገባል፤ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ዝቃጭም ይታከልበታል። ይህ ካልተቋረጠ ዳርቻው በድንጋይ ቢነጠፍም ብክለቱ ወደ ታችኛው ተፋሰስ መውረዱ አይቀርም። በዚያ የሚገኙ አትክልት አምራቾች ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡት በአቃቂ ውኃ ሲሆን፣ ምርቱ የሚሸጠው ተመልሶ በከተማዋ ገበያ ነው።

በክረምት ጎርፍ ቀድሞ የሚደርሰው የወንዝ ዳር ነዋሪ በመሆኑ፣ ከአደጋ ቀጣና ማንሳት አንዳንድ ጊዜ ግድ ይላል። ሆኖም ተነሺው የሚለቀው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ዕድሩንና የዕለት ገቢ የሚያገኝበትን ጉሊት ጭምር ነው። ስለሆነም ምትክ ቦታ ሲመረጥ ጎረቤታሞች በአንድነት የሚሰፍሩበት፣ ለገበያና ለትራንስፖርት የቀረበ ስፍራ መሆኑ በቅድሚያ ሊታይ ይገባል።