ከሶቻ ሸለቆ እስከ ተከዜ፦ ሦስት ቀን በሳይክል

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ መጨረሻው ላይ የቤት ሥራ ስላለባችሁ መሃል ላይ እንዳትጠፉ።

ባለፈው ወር ከልጄ ጋር ሆነን ስሎቬኒያ ውስጥ የሶቻን ወንዝ ተከትለን ሦስት ቀን በሳይክል ወረድን። የኔው ባትሪ ያለው ሳይክል ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ጀግና ልባል አልፈልግም። ጉዞውን የጀመርነው 1,611 ሜትር ከፍታ ካለው ከቭርሺች በር ነው። ፈረንጆቹ እዚያ ሲደርሱ ጣራ የነኩ ያህል ፎቶ ይነሳሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሃያ ዓመት ላስተማረ ሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቦታው ወይና ደጋ ነው። መንገዱ 50 ጠመዝማዛ አለው። የሠሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ሩሲያውያን ናቸው፤ በ1916 መጋቢት ላይ የበረዶ ናዳ ብዙዎቹን ቀበራቸው። ጓደኞቻቸው ለመታሰቢያቸው ከእንጨት የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከመንገዱ ዳር አለች። (የአውሮፓውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ሶቻ 138 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጣሊያን ውስጥ ባሕር የሚገባ ወንዝ ነው። ጣሊያኖች ኢዞንዞ ይሉታል። ቀለሙን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ሰብረው የበተኑበት ይመስላል። ላሞች ደወል አንጠልጥለው ይግጣሉ፣ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፣ ልጆች ድልድይ ላይ ሆነው ወደ ውኃው ይዘላሉ። እዚህ ቦታ ላይ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ ሁለት ትልልቅ ውጊያ ተደርጓል ቢሏችሁ አታምኑም። ጣሊያን በግንቦት 1915 ኦስትሪያ ሀንጋሪ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ከዚያ በአሥራ አንዱ ውጊያ ወታደሩን ወደ ተራራ ስታወጣና ስታስጨርስ ቆይታ፣ ያገኘችው ጥቂት ኪሎ ሜትር መሬት ነው። አሥራ ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። እሱን ነው ካፖሬቶ የሚሉት።

ቦቬትስ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ አደርን። ጥቅምት 24 ቀን 1917፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጀርመኖች ከዚህች ከተማ አጠገብ መሬት ውስጥ ከተቀበሩ 894 የብረት ቱቦዎች በአንድ ጊዜ የጋዝ ጥይት ተኮሱ። ጋዙ ፎስጂን ነበር፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ነው የሚገድለው። ገደል ውስጥ መሽገው የነበሩ ጣሊያኖች በመቶዎች እየተቆጠሩ በተቀመጡበት ቀሩ። ጭንብል ነበራቸው፤ ጭንብሉ ግን ይህን ጋዝ የሚመክት አልነበረም። አንዳንዶቹ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሃል እንደያዙ ነው የተገኙት።

እዚህ ላይ ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። ስለ መርዝ ጋዝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ጣሊያን ሁልጊዜ ረጪ ነበረች። የተረጨባት ጣሊያን በኔ የጥቁር ሰሌዳ ላይ ኖራ አታውቅም።

በማግስቱ ወደ ኮባሪድ ወረድን። ካፖሬቶ ማለት የዚህች ከተማ የጣሊያንኛ ስሟ ነው። ከኮባሪድ እስከ ቶልሚን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዙ ዳር ሜዳ ሜዳውን ስለሚሄድ ፔዳል መምታት እንኳ ብዙም አያስፈልግም። እኛ በአንድ ሰዓት ጨረስነው። ታሪኩ ያለው ይህችው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

የጣሊያን ጦር ተራራውን ይዟል። መድፉም ወታደሩም ላይ ነው። ያኔ ተራራ የያዘ ሸለቆ ያዘ ይባል ነበር። ጀርመኖች ግን 12ኛውን የሲሌዢያ ክፍለ ጦር ከቶልሚን አስነስተው፣ ተራራውን በግራና በቀኝ ትተው፣ እኛ በሳይክል የሄድንበትን የሸለቆ ወለል ይዘው ገሰገሱ። ጭጋግ ነበር፤ ዝናብ ነበር፤ ላይ ያሉት አላዩም። ከሰዓት በኋላ ኮባሪድ ገቡ። ከዚያ በኋላ ተራራ ላይ ያለው ሁሉ ከኋላው ተቆረጠ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ250,000 በላይ ጣሊያናዊ ተማረከ።

የሸለቆው ወለል የሁለት ኮር ጦሮች ድንበር ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም በደንብ አልያዙትም። ከሁለቱ የቶልሚኑን፣ 27ኛውን ኮር፣ ያዝ የነበረው ጄኔራል ማን ነበር? ፒየትሮ ባዶሊዮ።

አዎ፣ ያው የኛው ባዶሊዮ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የኮሩ መድፍ በጊዜ አልተኮሰም፤ የስልክ መስመሮቹ በድብደባ ተቆራርጠው ጄኔራሉ ከገዛ ጦሩ ጋር መገናኘት አቃተው። እነማን ተጠየቁ? ጠቅላይ አዛዡ ካዶርና ተነሳ። ሌሎች ጄኔራሎችም ተነሱ። ባዶሊዮ ግን ተሾመ፤ የአዲሱ ጠቅላይ አዛዥ የዲያዝ ምክትል ሆነ! ጣሊያኖች ራሳቸው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ሰው ከዚሁ ወንዝ በታች፣ ጎሪዚያ አጠገብ ያለውን ሳቦቲኖ ተራራ በ1916 በማስያዙ ስሙ ገንኖ ነበር፤ በኋላም የሳቦቲኖ ማርኪዝ ተባለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግ ጨመሩለት። አንዱ ማዕረግ ከዚህ ሸለቆ፣ ሌላው ከኛ ቤት።

አሁን ወደ ተከዜ እንሂድ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.። ባዶሊዮ ዴ ቦኖን ተክቶ ሰሜን ጦር ግንባር ከደረሰ ገና ሳምንታት ነው። ራስ እምሩ አብዛኛው የጎጃም ሰው የሆነ ጦራቸውን ይዘው ተከዜን ተሻገሩ። ደምበጉና ላይ ታንክ የያዘ የጣሊያን ጦር መትተው ወደ ሽሬ ወጡ። ካርታውን አስቡት። የባዶሊዮ ዓይን መቀሌ ላይ ነው፤ በጎኑ በኩል ደግሞ ያልጠበቀው ጦር ከወንዝ ሸለቆ ወጥቶ ወደ ኋላው እየመጣ ነው።

ይህን ነገር የት ነው ያየሁት? ከቶልሚን ኮባሪድ!

ባዶሊዮ በ1917 ጋዝን ቀመሰ፤ ከዚያ ጋዝን ተማረ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጋዝ ያን ጊዜ ሁሉም ነበረው። በቦቬትስ ገደል የሞቱትም የሱ ኮር ወታደሮች አልነበሩም። እኔ የሚመስለኝ ሰውየው ከሶቻ ይዞት የወጣው ፍርሃት ነው፤ በሸለቆ በኩል የመታለፍ ፍርሃት። ይህ የኔ ግምት ነው፣ በሰነድ አላረጋግጥላችሁም። ቀኖቹን ግን ላስቀምጥላችሁ። ሙሶሊኒ ለባዶሊዮ ማንኛውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም የተጻፈው በፈረንጅ ታኅሣሥ 28 ነው። የራስ እምሩ ጦር ተከዜ ላይ የተረጨው ታኅሣሥ 23፣ በኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከቴሌግራሙ አምስት ቀን ቀድሞ። ጣሊያን ደግሞ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ከፈረመች አሥር ዓመት ሆኗታል።

ራስ እምሩ በኋላ ሲናገሩ፣ ከአውሮፕላኑ የወረደው እንደለመዱት ቦምብ አልነበረም፤ ተሰብሮ ፈሳሽ የሚያፈስ ዕቃ ነበር ብለዋል። ሰዉ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰውነቱ ተቃጠለ፤ ወንዙ ወርዶ የጠጣም አለ። ይሄኛው ፎስጂን አይደለም፣ የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት ነው። ቆዳ ያነዳል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሣር ላይና ውኃ ላይ ይቆያል። ጭንብል ቢኖር እንኳ እግርን አያድንም። የኛ ሰው ደግሞ ጭንብል ቀርቶ ጫማም አልነበረው።

ጣሊያን ይህን መርጨቷን መንግሥቷ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ባዶሊዮ ከኢትዮጵያ በቀረበበት ክስ ሳይዳኝ፣ በ1956 በተወለደበት መንደር ሞተ። መንደሩም በስሙ ይጠራል፤ ግራፃኖ ባዶሊዮ።

ኮባሪድ ላይ ከከተማዋ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ የ7,014 ጣሊያናውያን ወታደሮች አፅም ያረፈበት ትልቅ ሐውልት አለ። የመረቀው ሙሶሊኒ ነው፣ በ1938። አዲስ አበባን ከያዘ ሁለት ዓመቱ። በንዴት ነበር ደረጃውን የወጣሁት፤ ስሞቹን ማንበብ ስጀምር ንዴቱ ከየት እንደሄደ አላውቅም። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ተግዘው መጥተው፣ የማያውቁት ተራራ ላይ የቀሩ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ኢትዮጵያ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «አያቴ አገራችሁ ነበር» አለችን። ይህ ሸለቆ ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ለጣሊያን ተሰጥቶ ነበር፤ የስሎቬን ቋንቋ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ የሰዉም ስም ወደ ጣሊያንኛ ተቀየረ፣ ወጣቶቹም በጣሊያን ዩኒፎርም ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሬ አላውቅም፤ አላውቀውም ነበራ። አያቷ ምን ያወራ እንደነበር ጠየቅኳት። «ስለ ሙቀቱና ስለ በቅሎዎቹ ብቻ» አለች። የትኛው ወንዝ ጋ እንደነበረ አታውቅም።

በመጨረሻው ቀን ከቶልሚን ወደ ያቮርትሳ ወጣን። ባትሪው ግማሽ መንገድ ላይ አለቀና ገፋሁት፤ ልጄ እየሳቀች ጠበቀችኝ። (በነገራችን ላይ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፖምፓ ስንል የምናወራው ጣሊያንኛ ነው። ስገፋ የተራገምኩት ግን በአማርኛ ነው።) ያቮርትሳ የኦስትሪያ ሀንጋሪ ወታደሮች በ1916፣ ጦርነቱ መሃል፣ ለሞቱ ጓደኞቻቸው የሠሯት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ናት። ውስጧ ከጥይት ሣጥን በወጣ ጣውላ ላይ የ2,564 ሰዎች ስም በእሳት ተተኩሶ ተጽፏል። እየተታኮሱ፣ እየተራቡ፣ ሣጥን ፈልጠው የእያንዳንዱን ስም ጻፉ።

እኔ ያን የተከዜ ምዕራፍ ስንት ዓመት አስተማርኩት። ባዶሊዮ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ፣ እምሩ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ቀኑን ጽፌያለሁ። እዚያ ወንዝ ዳር ከተቃጠሉት ገበሬዎች የአንዱን ስም ጽፌ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ የራስ እምሩ ጦር በተነሳበት አገር፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ልጆች የነዚያው ሰዎች የልጅ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። «አያትህ ማን ይባላሉ? የት ዘመቱ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ የቤት ሥራው ይኸውላችሁ። አያታችሁ ወይም ቅድመ አያታችሁ በ1928 ዓ.ም. ተከዜ፣ ሽሬ፣ ተምቤን ወይም ማይጨው ዘምተው ከሆነ፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የመጡበትን ወረዳ፣ ተመልሰው እንደሆነ ወይም እዚያው እንደቀሩ ከታች ጻፉልኝ። ቤት ውስጥ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። የተቃጠለ እግር፣ የጠፋ ዓይን ይዘው የኖሩ ከነበሩ ያንንም ጻፉ። ደብተር ገዝቻለሁ፤ በእጄ ነው የምገለብጠው።