አሮጌ ገላ፣ አዲስ ሞተር

ያለፈ ዘመን የእጅ ሥራ ለተከታዩ ትውልድ የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሳይነካ ተጠብቆ፣ ሌላው እየተለወጠ አገልግሎቱን ቀጥሎ። ከሁለቱ ለታሪክ የሚታመነው የትኛው ነው? ጥያቄው የቤተ መዘክር ጠባቂዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የቆየ ተውኔት ለአዲስ ተመልካች የሚያቀርብ አዘጋጅም፣ የጥንት ዜማ በአዲስ መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቀኛም ዘወትር ይጋፈጠዋል። ይኸው ጥያቄ ከመድረክና ከቤተ መዘክር ርቆ፣ ዘይትና ዝገት በሚሸትባቸው የአሜሪካ ጋራዦች ውስጥም ይነሣል። የሚነሣውም በዲትሮይትና በሌሎች ከተሞች ፋብሪካዎች ከ1964 እስከ 1974 ድረስ በተመረቱት፣ አሜሪካኖች «መስል ካር» በሚሏቸው ባለጡንቻ መኪናዎች ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለጡንቻ መኪና የሚባለው መጠኑ መካከለኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በር ያለው ሆኖ፣ ለትልቅ አውቶሞቢል የታሰበ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት ነው። ዛሬ ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ተፈታተው፣ ዝገታቸው ተቆርጦ፣ ውጫዊ ቅርጻቸው እንዳለ ተጠብቆ፣ ውስጣቸው ግን በአዲስ ሞተር፣ በአዲስ ካምቢዮና በአዲስ ፍሬን እየተተካ ወደ ጎዳና ይመለሳሉ። የሙያው ሰዎች ማደስና ማሻሻል የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥመው ይህን ሥራ «ሬስቶሞድ» ይሉታል። ጥንታዊነትን አጥብቀው የሚወዱ ሰብሳቢዎች ደግሞ ቅርስን እንደ ማፍረስ ይቆጥሩታል። የክርክሩን ፍሬ ነገር ለመረዳት የመኪናውን ትውልድ ከሥሩ መመርመር ያሻል።

በ1932 የፎርድ ኩባንያ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል መኪና ላይ ገጠመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል በሠራዊቱ አገልግሎት የመካኒክነት ሙያ የቀሰሙት፣ እነዚህን አሮጌ ፎርዶች በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎአቸውን አውልቀው፣ ክብደታቸውን ቀንሰው፣ ካርቡራተር ጨምረው በደረቅ ሐይቆች ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1949 በዩታ ክፍለ ግዛት፣ በቦነቪል የጨው ሜዳ፣ የፍጥነት ሳምንት ተጀመረ። እንዲህ የተለወጠው መኪና «ሆት ሮድ» ተባለ። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ታላቅ ጉልበትን በቀላል ገላ ላይ የመግጠም ሐሳብ የተወለደው በኩባንያ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በግለሰብ ጋራዥ፣ በመፍቻና በብየዳ ነው።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች የኋላ ኋላ ሐሳቡን ወረሱት። በጄኔራል ሞተርስ ደንብ መሠረት መካከለኛ መጠን ያለው መኪና ከ330 ኩብ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዲገጠምለት አይፈቀድም ነበር። በጆን ዴሎሪያን የሚመሩት የፖንቲያክ መሐንዲሶች ግን ለ1964 ሞዴል ባዘጋጁት ቴምፔስት ላይ 389 ኩብ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሞተር ገጠሙ። ደንቡንም ያለፉት ሞተሩን መደበኛ ሳይሆን ገዢ ሲፈልግ የሚታዘዝ ተጨማሪ ዕቃ በማድረግ ነበር። ስሙን ከጣሊያኑ ፌራሪ ተውሰው «ጂ.ቲ.ኦ.» አሉት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ጦፈ። በ1966 የክራይስለር ኩባንያ 426 ኩብ ኢንች የሆነውን፣ 425 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለውን «ሄሚ» ሞተር ለጎዳና መኪናዎች አቀረበ። በ1970 የሼቭሮሌ ሼቬል 450 የፈረስ ጉልበት ደረሰ።

ይሁን እንጂ የሚያስኬደው ጉልበት በጨመረበት መጠን የሚያቆመው ጉልበት አልጨመረም። የ1964ቱ ጂ.ቲ.ኦ. በአራቱም እግሩ የታምቡር ፍሬን ብቻ ነበረው። በታምቡር ፍሬን ሸራው ከብረቱ ከበሮ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል። ፍሬኑ ደጋግሞ ሲያዝ ከበሮው በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ መኪናው አልቆም ይላል። የዲስክ ፍሬን ግን ብረቱ ለነፋስ የተጋለጠ በመሆኑ ቶሎ ይበርዳል። ሆኖም በ1970 በተሠራው ዶጅ ቻሌንጀር ላይ እንኳ የፊት ዲስክ ፍሬን ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚያዝዘው ነበር። ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የኩባንያዎቹን ቸልተኝነት ካጋለጠ በኋላ፣ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። ፍጥነት የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን፣ መቆም ግን በትእዛዝ የሚጨመር ዕቃ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የመሐንዲሶችና የነጋዴዎች ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ብረቱን በእጁ የገጣጠመው ግን ሠራተኛው ነው። በዲትሮይት ተከብባ በምትገኘው በሃምትራምክ ከተማ «ዶጅ ሜይን» የሚባል ግዙፍ የክራይስለር ፋብሪካ ነበር። በጁላይ 1967 በዲትሮይት ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሥቶ 43 ሰዎች ሞተዋል። በሜይ 1968 ደግሞ የዶጅ ሜይን ሠራተኞች የመገጣጠሚያው መሥመር ፍጥነት መጨመሩን ተቃውመው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሳይፈቅድ ሥራ አቆሙ። ቅጣቱ በጥቁር ሠራተኞች ላይ በረታ። እነርሱም «የዶጅ አብዮታዊ የማኅበር ንቅናቄ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ የስሙ ምሕፃር በእንግሊዝኛ «ድራም»፣ ማለትም ከበሮ የሚል ቃል ይሰጣል። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ከባዱና አደገኛው ሥራ በጥቁሩ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ መጫኑ ይቅር፣ የመሥመሩ ፍጥነት የሰውን አቅም ያገናዝብ የሚል ነበር። ዛሬ በጨረታ አዳራሽ መብራት የሚያንጸባርቀው የ1970 ቻሌንጀር ከዚሁ ፋብሪካ፣ ከዚሁ መሥመር ወጥቷል።

የባለጡንቻ መኪናዎች ዕድሜ አጭር ነበር። በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ጸደቀ። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 ሞዴሎቹ እርሳስ ባነሰው ቤንዚን እንዲሠሩ የሞተሮቹን የመጭመቅ መጠን ቀነሰ። የኢንሹራንስ ዋጋ በወጣት ነጂዎች ላይ ናረ። በኦክቶበር 1973 የነዳጅ ማዕቀብ ተጥሎ የቤንዚን ሰልፍ ተራዘመ። በ1974 ጂ.ቲ.ኦ. እና ቻሌንጀር ከምርት ወጡ። ዶጅ ሜይን በጃንዋሪ 1980 ተዘጋ። መኪናዎቹም በየጓሮውና በየሜዳው ቀርተው፣ በክረምት በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወለላቸውንና የጎን ላሜራቸውን በላው።

እነዚህን መኪናዎች ማደስ አድካሚ ሥራ ነው። ቻሌንጀርን የሚያድስ መካኒክ በመጀመሪያ ሞተሩን፣ መቀመጫውንና መስተዋቱን አውርዶ ገላውን ባዶ ያደርገዋል። ቀለሙ ሲገፈፍ ብረቱ እውነቱን ይናገራል፤ በስቱኮ የተሸፈነው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። መኪናው ገላውና ቻሲው አንድ ወጥ በመሆናቸው፣ ጉልበት የሚጨምርለት ሰው የፊትና የኋላውን ተሸካሚ በብረት ያገናኘዋል፤ አለዚያ ገላው ይጣመማል። የኋላው ባሌስትራ በሞላ ይተካል። ከ2003 ጀምሮ የተሠራው አዲሱ «ሄሚ» ሞተር በፋብሪካ በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል። ይህን ሞተር ለመግጠም ግን ካርቡራተሩን ማንሣት ብቻ አይበቃም። ቤንዚኑን በግፊት የሚልክ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ቤንዚን የሚረጨውንና ብልጭታውን የሚያዝዝ ኮምፒዩተር፣ አዲስ የሽቦ መሥመርም ያስፈልጋል። የቀድሞው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ ባለአምስት ወይም ባለስድስት ሲሆን ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ በዝግታ ይዞራል፤ ጩኸቱና የቤንዚን ፍጆታው ይቀንሳል። በመጨረሻም በአራቱም እግር ዲስክ ፍሬን ይገጠማል።

የጥንታዊነት ወገን መልስ አለው። የሞተሩ ቁጥር ከገላው ቁጥር ጋር የሚገጥም መኪና እንደ መዝገብ የሚነበብ ሰነድ ነው ይላል። አባባሉ እውነት አለው። በ«ቡሊት» ፊልም በ1968 የታየው ፎርድ መስታንግ ሳይታደስ፣ ከነጭረቱና ከነዝገቱ ቀርቦ፣ በ2020 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ዋጋውን የሰጠው ጭረቱ ነበር፤ ጭረት የታሪክ ጽሕፈት ነውና።

ነገር ግን ይኸው ወገን ራሱ የሚሳሳትበት ስፍራ አለ። የቻሌንጀርን መቀመጫ የሚፈታ ሰው አንዳንድ ጊዜ በሞላዎቹ መካከል የተጠቀለለ ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱ በመሥመሩ ላይ ለቆሙት ሠራተኞች የትኛው ሞተር፣ የትኛው ቀለም፣ የትኛው ካምቢዮ እንደሚገጠም የሚያዝዝ ነበር። ከቀለሙ ሥርም በክሬዮን የተሠመሩ መሥመሮች፣ በብሩሽ የተነኩ ነጠብጣቦች ይገኛሉ። ስሙ ያልተመዘገበ ሠራተኛ «አይቼዋለሁ፣ ጠብቋል» ሲል በጥድፊያ የተወው ምልክት ነው። አንዳንድ አዳሾች ግን መኪናውን እንደ አዲስ ከቀቡት በኋላ እነዚህኑ ምልክቶች በብሩሽ አስመስለው ይሥላሉ። ይህ ታማኝነት የሚመስል ሐሰት ነው። የሌላ ሰው ፊርማ አስመስሎ መፈረም የሰነዱን ክብር አይመልስም።

በአንጻሩ የታምቡሩን ፍሬን አውርዶ ዲስክ የሚገጥመው መካኒክ ተመልካችን አያታልልም። በ1964 በገዢው ሕይወት ላይ የተደረገውን ቁጠባ ያርማል። ጉልበትን በመለወጥ የተወለደውን መኪና በመለወጥ ያኖረዋል። ለውጡ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በብሎን የተገጠመ ነገር በብሎን ይፈታል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን አይመለስም። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ የሚቆርጠውን ከመቁረጡ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የወረደውን ሞተር ከነቁጥሩ ያስቀምጣል፤ የተገኘውን ወረቀት ይጠብቃል፤ ራሱ የለወጠውንም ጽፎ ያኖራል። ተውኔትን በአዲስ መልክ የሚያዘጋጅ ሰው የደራሲውን ቃል ቆርጦ ሲያበቃ ቅጂውን እንደማያቃጥል ማለት ነው።

ዶጅ ሜይን በ1981 ፈረሰ። ከእርሱም ጋር «ፖልታውን» የሚባለው ሰፈር ፈርሶ ከ4,000 በላይ ነዋሪዎች ተነሡ። በስፍራው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ1985 ሥራ ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን መገጣጠም ያዘ። የክራይስለር ወራሾች ከ2008 እስከ 2023 በካናዳ ያመረቱት አዲሱ ቻሌንጀር የአሮጌውን መልክ ተከትሎ ነበር። መልክ በቀላሉ ይቀዳል። ፋብሪካውና ሰፈሩ ግን ዳግመኛ አልተሠሩም። በመሥመሩ ላይ የቆመው ሰው እጅ ያረፈበት ምስክር ሆኖ የቀረው በየጋራዡ ያለው አሮጌ ገላ ነው። መፍቻ የሚያነሣ ሁሉ ከመፍታቱ በፊት ሊያነብበው የሚገባው ጽሑፍም ይኸው ነው።