ለገሃር፣ ቡና ቀማሹና የዕድል ሚዛን

ለገሃር ስሙን የወረሰው «ላ ጋር»፣ ማለትም «ባቡር ጣቢያው»፣ ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ሲሆን፣ ስሙን ያመጣው ሐዲድ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ታስቦ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ነው። ቀድሞ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት ማለቅ ሲጀምር፣ ከምዕራቡ አገር ወደ ከተማዋ የሚገባው ቡና በለገሃር ፉርጎ እየተጫነ ወደ ወደብ ወረደ። በዚያ ንግድ ውስጥ «ይህ ቡና ከዚያኛው ይለያል» የሚለው የቀማሽ ቃል ዋጋ የሚቆርጥ ቃል ነበር፤ የሐረር ቡና እንኳ በዓለም ገበያ በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ ይሸጥ ስለነበር፣ ስም ብቻውን አያስተማምንም ነበርና። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የቀማሹ ምላስ የገበያው የመለኪያ መሣሪያ እስከመሆን ደረሰ።

መሣሪያውን የሚመዝነው ብልሃት የመጣው ግን ከቡና ሳይሆን ከቢራና ከሻይ ነው። የደብሊኑ ጊነስ ጠማቂ ዊልያም ጎሴት በ1908 (እ.ኤ.አ.) «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ከጥቂት ናሙና ብያኔ የሚሰጥበትን ስሌት አሳተመ፤ ሮናልድ ፊሸር ደግሞ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፍ፣ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ በኋላ ቀምሳ እንደምትለይ የተናገረችን ሴት በስምንት ስኒ የመፈተኛውን መንገድ አስረዳ።

ያው አስተሳሰብ «ኪው ግሬደር» የሚባለውን የቡና ቀማሽነት ማረጋገጫ በሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ፊት ሲቀርብ ቆይቷል። ተፈታኙ ሦስት ስኒ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ባዕድ ነው፤ ባዕዱን ለይቶ ማውጣት አለበት፤ ይህም ስድስት ጊዜ ይደገማል። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፈተናውን የሚጀምረው «ተፈታኙ ምንም አይለይም፣ ቢመታም በዕድል ነው» ከሚል ግምት ሲሆን፣ ይህ ባዶ መላምት ይባላል። ግምቱ እውነት ቢሆን የታየውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ውጤት የመገኘቱ ይሆንታ ፒ-ቫሊዩ ነው። በዕድል ብቻ ስድስቱንም ማግኘት ከ729 አንድ ጊዜ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ማግኘት 13 ጊዜ፣ አራትና ከዚያ በላይ ማግኘት ግን 73 ጊዜ ያጋጥማል። ስለዚህ በተለመደው የ5 በመቶ ወሰን አምስት ያገኘ ሰው ውጤት «ስታቲስቲካዊ ጉልህነት» አለው ይባላል፤ አራት ያገኘው አይባልለትም። ወሰኑ ከሰማይ የወረደ ሕግ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ፊሸር በ1925 (እ.ኤ.አ.) ለሥራ ይመቻል ብሎ የመረጠው ልማድ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፒ-ቫሊዩን «ቀማሹ አዋቂ ያለመሆኑ ይሆንታ» አድርገው ሲያነቡ ነው። ጣዕም የማይለዩ 56 ሰዎች ቢፈተኑ አንዱ በአማካይ አምስትና ከዚያ በላይ አግኝቶ ያልፋል፤ ያን አንዱን ብቻ አይቶ «አዋቂ ተገኘ» ማለት ከሌሎቹ 55 ዓይንን መጨፈን ነው። በአንጻሩ ጄርዚ ኔይማንና ኤጎን ፒርሰን በ1933 (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛውን ስሕተት፣ ማለትም ያለን ችሎታ ሳያዩ ማለፍን፣ ከፊተኛው ለይተው አስቀመጡ። ከአሥር ጊዜ ሰባቱን በትክክል የሚለይ ቀማሽ እንኳ በዚህ አጭር ፈተና አምስት ሳያገኝ የሚቀርበት ይሆንታ 58 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ ጉልህነት ልዩነቱ ከዕድል በላይ መሆኑን እንጂ ለገዢው ተጨማሪ ብር የሚያስከፍል መሆኑን አይናገርም፤ ይህን የሚወስነው ገበያው ነው።

የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ከወሰን በታች የወደቀ ፒ-ቫሊዩ ብቻውን የሳይንስ ብያኔ መሠረት እንዳይሆን በይፋ ያሳሰበው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻውን ከለገሃር አርቆ በፉሪ ለቡ አድርጎ ተመረቀ። ሁለቱ በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው።