የመልስ ጨዋታ፤ ስለ ሊግ ውድድር ታሪክ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

ሁለት ጎረቤቶች ተጋጥመው አንዱ ሲያሸንፍ፣ የተሸነፈው ወገን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንደ ገና የምንገናኘው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ሽንፈት ወደ ቂም ይለወጣል፤ መልስ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ሽንፈት ትምህርት ይሆናል። «ሊግ» እየተባለ የሚጠራው የውድድር ሥርዓት በመሠረቱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ስለ ዋንጫውና ስለ ግቡ ብዛት ብዙ ይነገራል፤ የሊግ ቁም ነገሩ በቀጠሮው ላይ መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ሥርዓት ከየት እንደ መነጨ፣ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባና ለሁለቱ የወሎ ከተሞች ለደሴና ለኮምቦልቻ ምን ጥቅም እንዳለው ባጭሩ እንመለከታለን።

በቡድን ተከፍሎ መጋጠም ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። በልደት በዓል የሚደረገው የገና ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ተጫዋቾቹ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው፣ ሩሩን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ዳርቻ ለማድረስ ይታገላሉ። የሰው ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳው ስፋት በገመድ አይለካም። ጌታና ሎሌ ባንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ በዚያም ቀን ሎሌው ጌታውን ቢገፋው ወይም ቢዘልፈው ጌታው እንዳይቈጣ ልማዱ ያዛል። አሸናፊዎቹ ተሸናፊዎቹን በግጥም ይሸነቍጣሉ፤ ተሸናፊዎቹም ነገሩን በሣቅ ችለው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ይህ ጨዋታ ሰውን ከሰው ጋር በማስተካከል ረገድ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበር። ዳሩ ግን የተሸነፈው ወገን የሚካስበት ቀን የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም በሜዳው የሚሰለፈው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝ አገርም የእግር ኳስ ክለቦች በመጀመሪያው ዘመን ከዚህ የባሰ ችግር ነበረባቸው። ግጥሚያ የሚደረገው በስምምነት ብቻ ስለ ነበር፣ አንዱ ክለብ የተሻለ ባላጋራ ባገኘ ጊዜ ቀድሞ የሰጠውን ቀጠሮ ያፈርሳል። ተመልካች ከሜዳ ደርሶ ጨዋታ ሳያይ ይመለሳል። በበርሚንግሃም ከተማ ጨርቅ ይነግድ የነበረውና ከአስቶን ቪላ ክለብ መሪዎች አንዱ የሆነው ዊልያም ማክግሬጎር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1888 ለሌሎች ክለቦች ደብዳቤ ጽፎ የተወሰነ ቀጠሮ ያለው ማኅበር እንዲቋቋም አሳሰበ። አሥራ ሁለት ክለቦች ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ጨዋታው ተጀመረ። እያንዳንዱ ክለብ ከአሥራ አንዱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በገዛ ሜዳው ሁለተኛውን በባላጋራው ሜዳ እንዲጫወት ስለ ተወሰነ፣ ለየክለቡ 22፣ በጠቅላላውም 132 ጨዋታዎች ሆኑ። ነጋዴው ለዓለም ያበረከተው ነገር፣ በንግድ ሥራ የሚያውቀውን ቃል የመጠበቅን ሕግ ወደ ሜዳ ማስገባት ነው ለማለት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን የፋሽስት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። በወረራው ጊዜ ኢትዮጵያውያንና ኢጣልያውያን በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ በዘር ልዩነት ምክንያት ተከለከለ፤ ክለቡም ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። ወራሪው የፈራው ኳሷን አልነበረም፤ ባንድ ዳኛ ፊት በእኩልነት መቆምን ነው እንጂ።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። አሸናፊው የእንግሊዙ ቡድን ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘር ከዘር ተለይቶ ይጫወትበት በነበረው ከተማ፣ አሁን ሁሉም ባንድ ደንብ ሥር ተሰለፉ። ከዚያም ውድድሩ ከመዲናይቱ ወጥቶ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ተስፋፋ። የሐማሴን ቡድን፣ ኋላም የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን በቁ። የዚህ ፍሬ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታየ። በአስመራ ሜዳዎች ያደገው ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ በነበሩበት ቡድን ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የተለያየ አገር ልጆች ባንድ መለያ ሊሰለፉ የቻሉት፣ አስቀድመው እርስ በርሳቸው በመጋጠም ስለ ተዋወቁ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ሥርዓት ጎረቤታሞች በሆኑ ሁለት ከተሞች ላይ ምን እንደሚሠራ እንይ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ የነበረች ጥንታዊት ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ከርሷ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ተወርዶ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአሰብ መንገድ ከዋናው መንገድ የሚገነጠልባት ስለ ሆነች የንግድና የፋብሪካ ከተማ ሁናለች፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶባታል። አንዲቱ በታሪኳ፣ ሁለተኛይቱ በሥራዋ ትመካለች። በእንዲህ ያሉ ከተሞች መካከል ፉክክር መኖሩ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ፉክክሩ ግን ዳኛ ያስፈልገዋል። በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ከቆላማው አገር የወጣ ተጫዋች ፈጥኖ ይደክመዋል፤ ኳሷም ከለመደው ይልቅ ርቃ ትሄድበታለች። ከደጋ የወረደውም በኮምቦልቻ ሙቀት ይፈተናል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጋጠሙ የሚፈርደው ተራራው ወይም ፀሐዩ ይሆን ነበር። ሁለት ጊዜ ሲጋጠሙ ግን የአገሩ አየር ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል፤ የቀረው የተጫዋቹ ጥረት ነው። ከዚህም ሌላ የመልስ ጨዋታ የምግባር መምህር ነው። ዛሬ በሆጤ ስታዲየም እንግዳውን የሚያስተናግድ ደሴዬ፣ ነገ ሐረጎን ወርዶ እንግዳ እንደሚሆን ያውቃል። ድንጋይ ቢወረውር ድንጋይ፣ ውሃ ቢያቀርብ ውሃ እንደሚጠብቀው አይስተውም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩባት በወሎ፣ እንግዳን ማክበር ከሊግ በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ ሊጉ ያደረገው ነገር ቢኖር ለዚህ ልማድ የተቈረጠ ቀንና ሰዓት መስጠቱ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሥርዓት ከተጀመረ ወዲህ ከእርሱ በታች ያሉት ሊጎች ለክፍላተ ሀገር ከተሞች በር ከፈቱ፤ በ2010ዎቹም የደሴ ከተማና የወሎ ኮምቦልቻ ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ተሰልፈዋል። ሆኖም ቀጠሮ የሚጸናው ሰላምና ጤና ሲኖር ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሚያዝያ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ሊጎች ያለ ሻምፒዮን ተሰረዙ። ቀጥሎም ጦርነት መጣ፤ ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ ኀይሎች እጅ ወድቀው፣ ሕዝቡ በዚያው በሐረጎ መንገድ ስንቁን ተሸክሞ ሲሰደድ ታየ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ እስኪይዝ ድረስ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም ፋብሪካውም ተጎድቶ ነበር። ለጨዋታ የሚኬድበት መንገድ የስደት መንገድ ሲሆን ያየ ሰው፣ ተራ የምትመስል አንዲት የሊግ ግጥሚያ ምን ያህል ነገር ተሸክማ እንደምትቆም ይረዳል። መንገዱ ደኅና ካልሆነ፣ ዳኛው ካልታመነ፣ ባላጋራውም ከነሕይወቱ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ካልተማመነ ግጥሚያ የለም።

እንግዲህ የከተማ ሹማምንት ለክለብ በጀት ሲመድቡ የሚገዙት ግብ ብቻ እንዳልሆነ ሊያስቡ ይገባል። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ለውድድር ሲያሰልፉ፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ ብቻ አድርገው የመልሱን እንዳያስቀሩ፣ ቀኑንና ውጤቱንም በመዝገብ እንዲያኖሩ አደራ እንላለን። ተማሪዎችም የማሸነፍን ያህል፣ ተሸንፎ በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ መገኘት የጀግና ሥራ መሆኑን ይወቁ።