ከመንገዱ ማዶ ያለው ሜዳ፦ የሦስት ቦርሳ ተሸካሚዎች ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይም ቡናም ያዝ አድርጋችሁ አንብቡት።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል፤ «ቲቸር፣ አሁን ምን ልሁን?» የሚል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የሉም ማለት አይቻልም፤ አሉ። ሰፈራችን ውስጥ ናቸው፣ ቤታችን ውስጥ ናቸው። «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ማለት ጥሩ ነው፤ ግን አይዞህ ብቻውን መንገድ አያሳይም። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ታሪክ ነው። ስለዚህ የሦስት ሰዎችን ታሪክ ልንገራችሁ። ሦስቱም የጎልፍ ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ጎልፍ? የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ነው። ግን የእኔ ሰዎች ከሀብታሞቹ ወገን አይደሉም። ካዲዎች ናቸው። ካዲ ማለት ተጫዋቹ የሚመታባቸውን ዱላዎች በቦርሳ ተሸክሞ፣ ሜዳውን ሙሉ አብሮት የሚዞር፣ የጠፋ ኳስ የሚፈልግ፣ ለዚህም ሳንቲም የሚከፈለው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የድሃ ልጅ ነው። ጨዋታውን ደግሞ ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳሷን በዱላ እየመቱ 18 ቀዳዳዎች ውስጥ በየተራ ማስገባት ነው። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በቃ።

የመጀመሪያው ሰው ሃሪ ቫርደን ይባላል። በ1870 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በጀርሲ ደሴት፣ ግሩቪል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ አትክልተኛ ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሰዎች መጥተው እዚያው መንደር ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሠሩ። የመንደሩ ልጆች ሜዳውን የሚያውቁት ቦርሳ በመሸከም ነበር። ቫርደንም እንዲሁ። ካደገ በኋላ እሱም እንደ አባቱ አትክልት ኮተኮተ። በ20 ዓመቱ ገደማ ግን ጎልፍን ሥራዬ ብሎ ያዘና ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስነግራችሁ፦ የብሪታንያን ኦፕን ስድስት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1896፣ 1898፣ 1899፣ 1903፣ 1911 እና 1914። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። በመካከሉ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር፤ ታክሞ ተመልሶ ነው ያሸነፈው። በ1905 ደግሞ ጨዋታውን የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። የአትክልተኛው ልጅ፣ ቦርሳ ተሸካሚው፣ ጌቶቹ ገዝተው የሚማሩበትን መጽሐፍ ጻፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍራንሲስ ዊሜት ነው። በ1893 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቦስተን አጠገብ ባለችው ብሩክላይን ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ወገን የመጣ ስደተኛ ነው። የእሱም ሥራ አትክልተኝነት ነበር። እናቱ የአየርላንድ ዘር ናት። ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ካለ ታላቅ የጎልፍ ክለብ፣ ከ17ኛው ቀዳዳ ፊት ለፊት ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሜዳውን አቋርጦ ነው። በዚያው የወደቁ ኳሶችን ይለቅማል። እሱና ወንድሙ ከቤታቸው ጀርባ ባለ የግጦሽ መሬት ላይ የራሳቸውን ትንሽ ሜዳ ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ካዲ ሆኑ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አርሲ ውስጥ ደብተሩን በእጁ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ማደጉን፣ ዓለምን ባሸነፈበት ጊዜም ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው እጥፍ ይል እንደነበር የማያውቅ አለ? የትምህርት ቤት መንገድ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ኃይሌን ሩጫ አስተማረው፣ ዊሜትን ጎልፍ።

ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቀን አልጋ በአልጋ ሆኖ አልመጣም። አባትየው ጨዋታውን እንደ ጊዜ ማባከኛ ነበር የሚያዩት፤ «ሰው የሚሆንበት ሥራ ይያዝ» ነው ነገሩ። የአባት ክፋት አይደለም። የድሃ አባት ስጋት ነው፤ እናንተም ቤት አለ። ልጁ ገንዘብ የማይከፈላቸው ተጫዋቾች በሚወዳደሩበት ብሔራዊ ውድድር ለመግባት የአንድ ክለብ አባል መሆን ነበረበት። ለዚህ የሚከፈለውን 25 ዶላር ከእናቱ ተበደረና ሠርቶ መለሰ። ለብሔራዊው ውድድር በ1910 ሞከረ፤ ማጣሪያውን በአንድ ምት ልዩነት ወደቀ። በ1911 ሞከረ፤ በአንድ ምት ወደቀ። በ1912 ሞከረ፤ አሁንም በአንድ ምት! እስቲ አስቡት፤ ሦስት ዓመት፣ ሦስት ምት። እኛ ዘንድ በአንድ ነጥብ የወደቀ ልጅ ይህን ስሜት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

1913 መጣ። ዊሜት 20 ዓመቱ ነው፤ ቦስተን ውስጥ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። በዚያ ዓመት የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን የሚካሄደው እዚያው፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ውድድሩ ከወትሮው ጊዜ ወደ መስከረም ተገፍቷል፤ ምክንያቱም ሃሪ ቫርደንና የአገሩ ልጅ ቴድ ሬይ ከእንግሊዝ እንዲደርሱ ተፈልጎ ነው። አዎ፣ ያው ቫርደን! ዊሜትን የጎልፍ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት እንዲወዳደር ጋበዙት፤ አሠሪውም ፈቃድ ሰጠው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ተሰጥኦው የራሱ ነው። ግን እናት አበደረች፣ አሠሪ ፈቀደ፣ አንድ ሰው «ግባ» አለው።

ቦርሳውን የያዘለት ማን መሰላችሁ? ኤዲ ላውሪ የሚባል የ10 ዓመት ልጅ። ቁመቱ ከቦርሳው ብዙም አይበልጥም። ሊይዝለት የነበረው ወንድሙ ጃክ ነበር፤ እንደሚተረከው ጃክ ከትምህርት ቤት ቀርቶ በተቆጣጣሪ ስለተያዘ ትንሹ ኤዲ ሾልኮ መጣ። (ተማሪዎቼ፣ ይህን እንደ ፈቃድ እንዳትቆጥሩብኝ!) የኤዲ ምክር አጭር ነበር ይባላል፤ አንተ አንገትህን ደፍተህ ምታ፣ ኳሷ የምትሄድበትን የማየው እኔ ነኝ።

አራት ዙር፣ በሁለት ቀን። ዊሜት 77፣ 74፣ 74 እና 79፤ ድምር 304። ቫርደን 304። ሬይ 304። ሦስቱም እኩል! ዊሜት እዚህ የደረሰው በመጨረሻዎቹ ስድስት ቀዳዳዎች ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ሁለት ምት አድኖ ነው፤ ከእነዚህ አንዷን ያዳናት በ17ኛው ቀዳዳ፣ ከገዛ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በማግስቱ መስከረም 20፣ በእኛ መስከረም 10 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ ሦስቱ ብቻ በዝናብ ውስጥ ለመለያው ወጡ። ከክለቡ ሰዎች አንዳንዶቹ ልጁን ተውና የበሰለ ካዲ ውሰድ ብለውት ነበር። ዊሜት ግን ኤዲን አልለወጠም። ውጤቱ፦ ዊሜት 72፣ ቫርደን 77፣ ሬይ 78። የሱቅ ሠራተኛው የዓለምን ታላላቆች አሸነፈ፤ ያንን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ገንዘብ የማይከፈለው ተጫዋች ሆነ። ሕዝቡ በትከሻው ተሸከመው። ለኤዲም ባርኔጣ ዞሮ ገንዘብ ተዋጣለት።

ጊዜውን በአገራችን ታሪክ ለማስታወስ ያህል፣ ይህ የሆነው ዳግማዊ ምኒልክ ከማረፋቸው ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ዊሜት ጎልፍን መተዳደሪያው አላደረገውም። በቦስተን የገንዘብና የአክሲዮን ሥራ ሠርቶ ኖረ፤ ጨዋታውን ለፍቅሩ ተጫወተ። በ1914 ያንን ሦስት ጊዜ የወደቀበትን ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ። በ1916 ግን የጎልፍ ማኅበሩ «የስፖርት ዕቃ ትነግዳለህ» ብሎ ገንዘብ ከማይከፈላቸው ተጫዋቾች ውድድር አገደው። እንደ ጋበዘው ሁሉ ያገደውም ያው ማኅበር ነው። በ1918፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ፣ እገዳው ተነሣለት። አኩርፎ አልቀረም፤ በ1931፣ ከመጀመሪያው ድል 17 ዓመት በኋላ፣ ዋንጫውን ደገመው። በ1932 የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። በ1949 በስሙ የነጻ ትምህርት ገንዘብ ተቋቋመ። ለማን? በጎልፍ ሜዳ ለሚሠሩ ልጆች፣ ለካዲዎች፣ ኮሌጅ እንዲገቡበት! እስከ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተምረውበታል። በ1951 ደግሞ የስኮትላንዱ የቅዱስ አንድሩስ ክለብ አሜሪካዊውን ካዲ አለቃው አደረገው፤ ከብሪታንያ ውጭ እንዲህ የተከበረ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ1967 ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ያ የ10 ዓመት ልጅ፣ ኤዲ ላውሪ ነበር። ኤዲ በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ በመኪና ንግድ የከበረ ሰው ሆኗል።

እዚህ ላይ ባቆም «ከጣርክ ይሳካል» የሚል ስብከት ሰጥቼ መሄድ እችል ነበር። ታሪክ ግን እንዲህ ደግ አይደለም። ሦስተኛውን ሰው ስሙት።

ቻርሊ ሲፈርድ በ1922 በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ ተወለደ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ ካዲ ሆነ፤ በቀን ከሚያገኛት 60 ሳንቲም 50ዋን ለእናቱ ይሰጥ ነበር። በተሰጥኦ ከማንም አያንስም፤ ጥቁሮች ለብቻቸው በሚያካሂዱት ብሔራዊ ውድድር ስድስት ጊዜ አሸነፈ። ግን የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ደንብ አባልነትን ለነጭ ዘር ብቻ ይላል። በጽሑፍ! በ1952 ፊኒክስ ላይ ከቦክሰኛው ጆ ልዊስ ጋር ማጣሪያ ሲጫወቱ፣ የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ የሰው ሰገራ ተጨምሮ ነበር የጠበቃቸው። ደንቡ የተሻረው በ1961 ነው፤ ያውም የካሊፎርኒያ ዋና ዓቃቤ ሕግ ከተጫነ በኋላ። ሲፈርድ ያኔ ወደ 40 ዓመቱ ነው። የአንድ ስፖርተኛ ምርጥ ዕድሜ አልፏል። እንደዚያም ሆኖ በ1967 ሃርትፎርድ ላይ፣ በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ አሸነፈ። ዝነኛው የማስተርስ ውድድር ግን አንድም ቀን ሳይጋብዘው ቀረ። በ1992 መጽሐፉን ጻፈ፤ ርእሱ ባጭሩ «እንድጫወት ብቻ ተዉኝ» እንደማለት ነው። በ2014 ከፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ተቀበለ፣ በቀጣዩ ዓመት በ92 ዓመቱ አረፈ። ታይገር ዉድስ ልጁን ቻርሊ ያለው በእሱ ስም ነው።

እንግዲህ ዊሜትና ሲፈርድን አስተያዩአቸው። ሁለቱም ካዲ፣ ሁለቱም ድሃ፣ ሁለቱም ግትር። አንዱ በ20 ዓመቱ በሩ ተከፈተለት፣ ሌላው በ39 ዓመቱ። ልዩነቱ ትጋት አይደለም፤ በሩን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ልጅ ሲወድቅ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» ብለን ለመፍረድ የምንቸኩል ወላጆችና መምህራን ቆም ብለን እናስብ። ቤተ መጻሕፍት የሌለው፣ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በአንድ ምት ሳይሆን በብዙ ምት ወደ ኋላ ሆኖ ነው የሚጀምረው።

ለእናንተ ለልጆቼ ደግሞ፣ «አሁን ምን ልሁን?» ላላችሁኝ፦ ከሦስቱ ታሪክ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አንዳቸውም አቅጣጫቸውን ከሩቅ አላመጡትም። ቤታቸው አጠገብ ካለ ነገር ነው የጀመሩት፤ ያውም ከዝቅተኛው ሥራ። እናንተም ሰፈራችሁን በደንብ እዩት። ጋራዥ አለ፣ የእንጨት ሥራ ቤት አለ፣ የሰፈር ሜዳ አለ፣ የአጎት ሱቅ አለ። ገብታችሁ ቦርሳ ያዙ፤ ግን ዓይናችሁ ኳሷ ላይ ይሁን። ቫርደንም ዊሜትም ሲፈርድም እየተሸከሙ ይመለከቱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሦስቱም መጽሐፍ ጽፈዋል። የሰዎቹን ቦርሳ ሲሸከሙ የነበሩ ሰዎች ታሪካቸውን ሌላ ሰው እስኪጽፍላቸው አልጠበቁም። ስለዚህ ማንበብ አታቁሙ፤ ፈተና የሌለው ንባብ ደግሞ ይጣፍጣል። የምትሠሩትንም ጻፉት፣ ደብተር ላይም ቢሆን።

ሦስተኛ፣ ነገ አንዳችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ፤ አሠሪ፣ ኃላፊ፣ አስተማሪ ትሆናላችሁ። ያኔ አንድ ልጅ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይመጣል። እንደ ሱቁ ባለቤት ሁኑለት።

እስቲ አሁን ደግሞ የእናንተን ልስማ። አቅጣጫችሁን ያገኛችሁት ከየትኛው ሜዳ፣ ከየትኛው ሥራ ወይም ከየትኛው መጽሐፍ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዘንድሮ ውጤት የሚጠብቁ ታናናሾቻችሁ ያነቡታል።